ሐሙስ ከበሩ ውጭ

ባለፈው የጸደይ ወራት ለሥራ ሮም ሄጄ ከቪያ ቮልቱርኖ ጀርባ ባለች አንዲት ትንሽ ሆቴል አረፍኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ብቻ ነው። ሻንጣዬን አስቀምጬ ጋደም ስል ትራሱ በረኪና ሸተተኝ። ሽቶ ያልተቀላቀለበት፣ ጨርቅ እስኪነጣ የሚነከርበት ደረቅ በረኪና። ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ለብዙ ሰው ይህ የሆስፒታል ሽታ ነው። ለእኔ የእናቴ እጅ ነው፤ ከእጇም በላይ ደግሞ የአንድ ነሐሴ ሦስት ቀናት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሮም የገባሁት በዚያው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ከአገር መውጣት ለትልቅ ሰውም ከባድ ነበር፤ እኔ የወጣሁት በአንዲት ካቶሊክ መነኩሲት ደብዳቤና እናቴ ባላቋረጠችው ደጅ ጥናት ነው። አባቴን ከመሥሪያ ቤቱ ወስደውት በዚያው ቀርቷል። ከዚያ በኋላ እናቴ አልማዝ ለአንድ የጣሊያን ቤተሰብ ሠራተኛ ሆና ወጣች። ስትሄድ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ሙሉ ናት፤ «እማዬ» የምለውም እሷን ነበር።

ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ አቅፋ አልለቅ ያለችኝን ሴት ምን ብዬ እንደምጠራት አላወቅሁም። ስሙ ተይዟል። አልማዝ እንዳልላት ትልቅ ሰው ናት። ምንም ሳልጠራት መኖር ጀመርኩ። ይህ ሲያስቡት የሚከብደውን ያህል አይከብድም፤ ስትፈለግ ጠጋ ብሎ ቀሚሷን መሳብ ነው።

እናቴ ሐበሾቹ «ፊሳ» የሚሉት ሥራ ነበራት። ፊሳ ማለት አሠሪዎቿ ቤት የምትኖር፣ እዚያው የምትበላ፣ እዚያው የምታድር ሠራተኛ ናት። የራሷ የሆነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ ነው። የቤቱን እመቤት «ሲኞራ»፣ ባልየውን «ሲኞሬው» ትላቸው ነበር። እኔ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። ሐሙስና እሑድ መጥታ ትወስደኛለች፤ ሳይመሽ መልሳ ታስገባኛለች። ስትመልሰኝ ሁልጊዜ እንደቸኮለች ነው። «ቶሎ በይ፣ ይዘጉብናል» ትላለች። ሮም ከገባሁ ጀምሮ ከእሷ ጋር አንድ ሌሊት አድሬ አላውቅም ነበር።

የምትወስደኝ ፒኜቶ ወደሚባል ሰፈር ነው። እሷና ሌሎች ሁለት ፊሳዎች እዚያ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይተው ነበር። «የሐሙስ ቤት» ይሉታል። በሳምንት አንድ ቀን ተኩል ይከፈታል፤ ሌላውን ቀን ሁሉ ተቆልፎ ይውላል፣ ተቆልፎ ያድራል። ሁለት አልጋ ነበረበት፤ ማታ ሁሉም ወደየአሠሪዋ ስለምትመለስ ግን የሚተኛበት ሰው አልነበረም። አልጋዎቹ መቀመጫ ነበሩ።

ከሦስቱ ትልቋ እትዬ ዘነበች ናቸው። ጎንደሬ ናቸው፤ ከሁሉም ቀድመው የመጡ በመሆናቸው ወረቀት ሲመጣ መነጽራቸውን አድርገው የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ሮማን የካዛንቺስ ልጅ ነች፤ ቀልደኛ፣ ጫማዋን ገና ከበሩ የምታወልቅ። ጫማዋ ከወለቀ በኋላ ጨዋታው ይጀመራል።

በሐምሌ መጨረሻ በአንዱ ሐሙስ እናቴ ሁለት ወረቀት አምጥታ አልጋው ላይ ዘረጋች። ከሮም ወጣ ብሎ ባሕሩ አጠገብ ሉና ፓርክ የሚሉት አንድ ትልቅ የመጫወቻ ሥፍራ ነበር። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይዞ ወደ ሰማይ የሚወጣ መንኮራኩር አለው። ገና አዲስ አበባ ሳለሁ እናቴ በደብዳቤ «ስትመጪ ወስጄ አሳፍርሻለሁ» ብላኝ ነበር። ደብዳቤውን አክስቴ ሙሉ ሦስት ጊዜ አንብባልኛለች። አሁን በነሐሴ መነኮሳቱም ትምህርት ቤቱን ሊዘጉ ነው፤ እናቴም የዓመት ዕረፍቷ ደረሰ።

«እስቲ አምጪው» አሉ እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን እየፈለጉ።

«ይሄ ውስጥ ነው፤ ይሄ ውጭ» አለች እናቴ።

«ውስጥ ማለት?»

«ከሉና ፓርኩ አጥር ውስጥ ያለ ሆቴል። ጠዋት ከአልጋ ወርደሽ ጫማሽን ሳታስሪ መጫወቻው ጋ ነሽ።»

የውስጡ ሆቴል ወረቀት የሚያብረቀርቅ ነበር፤ መስኮቶቹና ከጀርባቸው ትልቁ መንኮራኩር ይታያሉ። የውጭው ከበሩ ማዶ ያለች ፔንሲዮኔ ነች። ወረቀቷም ጥቁርና ነጭ ፖስትካርድ ነው፤ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴትዮ የሚያከራዩት ባለ አንድ ፎቅ ቤት፣ ከፊቱ የልብስ ማስጫ ገመድ።

ሮማን የሚያብረቀርቀውን አነሳች። «ታዲያ ምን ጥያቄ አለው? ይሄኛው ነዋ!»

«እሱ ከሲኞራ ጋር ነው። እነሱም እዚያ ሊያርፉ ነው። ሲኞሬው በነሐሴም ሥራ ስለማይለቀው ራቅ ብለው አይሄዱም። ለአንቺና ለልጅሽ ለሰናይት ክፍል እይዛለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ልጆቹን ትይዢልኛለሽ፣ ከዚያ ነፃ ነሽ ነው ያለችኝ። አለበለዚያም ዕረፍትሽን ውሰጂና በራስሽ ሂጂ ብላለች።»

«ጠዋት ጠዋት ብቻ!» ሮማን ወረቀቱን መልሳ አስቀመጠችው። «የእኔዋም ባሕር ስትወስደኝ እንዲሁ ነው ያለችኝ። ባሕሩን ያየሁት ፎጣ ሳራግፍ ነው።»

«ምግቡስ?» አሉ እትዬ ዘነበች። «ፍልሰታ እኮ ነው።»

ሌላውን ጾም ሥራ አለብኝ ብሎ የሚያልፍ ሰው እንኳ ፍልሰታን ይጾማል፤ ልጆችም ይጾማሉ። እኔም አዲስ አበባ ሁለት ዓመት ጾሜ ነበር፤ እንደ ትልቅ ሰው ለመቆጠር ከዚያ የተሻለ መንገድ አልነበረም።

«ውስጥ ሜዛ ፔንሲዮኔ ነው፤ ቁርስና ራት ይሰጣሉ» አለች እናቴ።

«ምን ሊሰጡ? ሥጋና ፎርማጆ! ልጅቷን ሊያስገድፉልሽ?»

«ውጭ ግን ሴትዮዋ ወጥ ቤታቸውን ይፈቅዳሉ። ሽሮዬን ይዤ ብሄድ...»

«ሽሮ ይዛ ሉና ፓርክ!» ሮማን ትራሱ ላይ ወድቃ ሳቀች። «አሎራ፣ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። ሆቴል አልጋ አንጥፌ አውቃለሁ። ሆቴል አልጋ ላይ ተኝቼ አላውቅም። እንግዳ ሆነሽ የምትገቢ ከሆነ ከአጥሩ ውጭም ቢሆን ግቢ። አልጋው ላይ ስትተኚ ለእኔም አንዴ ተገላበጪልኝ።»

እትዬ ዘነበች ግን ነገሩን ከሌላ በኩል ያዩታል። «ሲኞራን ማስቀየም ጥሩ አይደለም፣ አልማዝ። ፔርሜሶሽ የቆመው በእሷ ሥራ ነው። እምቢ አለችኝ ብትልስ?»

የመኖሪያ ፈቃድ ነገር ሲነሳ ሮማን እንኳ መቀለድ ታቆማለች። እናቴ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ ብዙ አየቻቸው። በኋላ እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አወለቁና፣

«ለምን ልጅቷን አንጠይቃትም? ሽርሽሩ የእሷ አይደል?» አሉ።

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ውስጥ» አልኩ።

«ለምን፣ የኔ እናት?» አለች እናቴ።

«ውስጥ ይሻላል።»

«መንኮራኩሩን ከመስኮት ለማየት ነው?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። እውነቱ ግን እሱ አልነበረም። እናቴ ፖስትካርዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ቫ ቤኔ» አለች፣ ይሁን እንደማለት። በኋላ እንደነገረችኝ በዚያች ደቂቃ ያሰበችው ልጄ የሲኞራን ኑሮ ወደደች ብላ ነው።

እኔ ያሰብኩት ሰዓት እላፊን ነበር። ያደግሁበት ሰፈር ሲመሽ መንገዱ ጭር ይላል። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ውጭ የተገኘ ሰው «ቁም! መታወቂያ!» ይባላል፤ የሚመለስም አለ፣ የማይመለስም አለ። አክስቴ ሙሉ ማታ ማታ በሩን ቆልፋ ከባዱን ወንበር ታስጠጋበታለች። ወንበሩ በሲሚንቶው ላይ ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ ለእኔ «አሁን መተኛት ይቻላል» ማለት ነበር። ሮምም ያው መሰለኝ። መነኮሳቱ ገና ሳይጨልም የግቢውን በር ይቆልፋሉ። እናቴም ይዘጉብናል እያለች ትሮጣለች። በሚያብረቀርቀው ወረቀት ላይ ደግሞ አጥር አለ፣ በር አለ፣ በሩ ላይ ኮፍያ ያደረገ የደንብ ልብስ ለባሽ ቆሟል፤ ከሥሩ በሮቹ የሚዘጉበት ሰዓት ተጽፏል። በሩ ሲዘጋ ውጭ የቀሩት ምን ይሆናሉ? ይህን የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይጠየቅም ተብዬ ነው ያደግሁት።

ማክሰኞ ቀን ሄድን። የሲኞራ መኪና በልጆቹና በዕቃ ስለሞላ እናቴና እኔ በአውቶቡስ ነው የተጓዝነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ይሆናል። በሩ ላይ ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ እውነትም ቆሟል። እናቴ ሲኞራ የሰጠቻትን ወረቀት አሳየችው፤ አነበበ፣ አየን፣ እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ። አለፍን። በሩን ካለፍኩ በኋላ ነው ሱሪው ቁምጣ መሆኑን ያየሁት።

ሲኞራ ቃሏን ጠብቃለች፤ ክፍል ነበረን። በምድር ቤቱ በኩል ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ነው፤ አንድ ሰፊ አልጋ፣ አንዲት መስኮት። እናቴ የሌሊት ልብሳችንን አውጥታ አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስተኛችው። የእኔን ትንሽ፣ የእሷን ትልቅ። እጅጌዎቹን ደጋግማ አስተካከለች።

ከራት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የሲኞራ ልጆች ሁለት ናቸው፤ ፓኦላ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሉካ ሦስት። ሉካ አዲስ ቦታ አልተኛም ብሎ ያለቅሳል። «አልማ! አልማ!» ይላል፤ አልማዝን እነሱ እንዲህ አሳጥረው ነው የሚጠሩት። እናቴ ወጣች። ፎቅ ላይ ከልጆቹ ክፍል ታጣፊ ወንበር ዘርግታ አደረች። በማግስቱም እንዲሁ።

ብቻዬን ስቀር ትራሱን አሸተትኩ፤ እጇ ሸተተኝ። በዚህ ሆቴል ያለውን አንሶላ ሁሉ ቀድማ መጥታ ያጠበችው እሷ ናት ብዬ ደመደምኩ። ከእኔ ጋር የማታድረውም ለካ ለዚህ ነው። ሌላ ሰው በረኪና ሊነካ እንደሚችል ጨርሶ አልታየኝም። ፊቴን ቀብሬ ተኛሁ፤ ከእሷ ጋር ማደሩ በግማሽ የተፈጸመ ያህል ተሰማኝ።

ረቡዕ መንኮራኩሩ ላይ ወጣሁ። አንዱ ወንበር ሁለት ትልልቅ ሰው ይይዛል። እናቴ ከፓኦላና ከሉካ ጋር ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላቸው ባለው ወንበር ከአንዲት ወፍራም ሴትዮ ጋር ተሳፈርኩ። ሴትዮዋ ከፍ ባልን ቁጥር አይኗን ጨፍና ክንዴን ትይዛለች። ከላይ ባሕሩ ታየኝ፤ አጥሩም፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ ያች ፔንሲዮኔ። ከፖስትካርዱ በተለየ ቢጫ ነች። ገመዱ ላይ ነጭ አንሶላ ተሰጥቷል። የሚኖሩባት ሰዎች አሳዘኑኝ። ማታ ምን ይውጣቸው ይሆን?

ምግብ ቤቱ ውስጥ እናቴ ከአስተናጋጁ ጋር በየምግቡ ትወያያለች፤ ቅቤ አለው? እንቁላል ነክቶታል? በመጨረሻ የሚመጣልኝ ያው ፓስታ በቲማቲም ነው። ሲኞራ ጨነቃት። «ልጅቷ ታመመች?» እያለች ከራሷ ሳህን የተቀቀለ እንቁላል ትልክልኛለች። እናቴ አመስግና ለፓኦላ ታሳልፋለች። ሲኞራ መጥፎ ሰው አልነበረችም፤ ይህን መጻፍ አለብኝ። እኔ አይስክሬም ስለማልበላ የሎሚ ግራኒታ ገዝታ ያመጣችልኝ እሷ ናት። በረዶና ስኳር ብቻ መሆኑን ሻጩን ጠይቃ፣ መሐላ አስምላ።

ሐሙስ ጠዋት መዋኛው አጠገብ ነበርን። ሲኞሬው ያን ቀን ቢሮ አልሄደም፤ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ከድኖ ተጋድሟል። እናቴ ሰማያዊ የሥራ ቀሚሷን ለብሳ ፎጣ ይዛ በውኃው ዳር ትመላለሳለች። ልጆቹ ከዚያም ከዚህም ይጠሯታል። «አልማ፣ እዪኝ! አልማ፣ ፎጣ! አልማ፣ ሉካ ውኃ ረጨኝ!» ጠዋት ጠዋት ብቻ የተባለው ነገር ከተረሳ ሁለት ቀን ሆኖታል። እኔ ጥልቀት ከሌለው በኩል እግሬን ነክሬ ተቀምጫለሁ። ንብ ይሁን ተርብ አላውቅም፣ ብቻ አንዱ እግሬን ነደፈኝ። ቀሚሷን እንዳልስብ ሩቅ ነች። እንደ ልጆቹ ጮህኩ፦

«አልማ!»

«ኤኮሚ!» አለች ወዲያው፣ መጣሁ እንደማለት። ፎጣውን ዘርግታ፣ ለእነሱ የምታሳየውን ፈገግታ ይዛ ዞረች። ከዚያ ማን እንደጠራት አየች።

ፈገግታው እንዴት እንደጠፋ ልገልጸው ብሞክር ከማስታውሰው በላይ መናገር ይሆንብኛል። የማስታውሰው ቀስ ብላ መምጣቷን፣ ተንበርክካ እግሬን በአፏ እፍ ማለቷን፣ ከዚያ እዚያው እንደተንበረከከች በአማርኛ መጠየቋን ነው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ» አልኩ።

ፎጣውን አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ወደ ሲኞራ ሄደች። ተከተልኳት። ጣሊያንኛው ያን ጊዜ ይገባኝ ነበር።

«ሲኞራ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«እና?»

«ሐሙስ ከሰዓት የእኔ ነው።»

ሲኞራ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችው። «አልማ፣ ዕረፍት ላይ እኮ ነን። እዚህ ምን ሐሙስ አለ?»

«እርስዎ ዕረፍት ላይ ነዎት» አለች እናቴ። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። እጆቿን ግን ከኋላዋ አድርጋ አንዱን በሌላው ጨብጣ ነበር፤ እኔ ከኋላ ስለነበርኩ አየሁ። «ከልጄ ጋር ወጥቼ ውጭ ማደር እፈልጋለሁ። ነገ ቁርስ ሳይቀርብ እመለሳለሁ።»

«ውጭ? ክፍል ይዤልሽ?»

«ክፍሉን አመሰግናለሁ። አልተኛሁበትም።»

ሲኞራ ወደ እኔ አየች፣ መልሳ ወደ እናቴ። እትዬ ዘነበች ስለ ፔርሜሶ ያሉት ነገር እናቴ ጆሮ ውስጥ እየጮኸ እንደነበር ቆይታ ነግራኛለች። «ሉካስ ማታ ከማን ጋር ይተኛል?» አለች ሲኞራ በመጨረሻ።

«ከእኔ ጋር» አለ ጋዜጣው።

ሲኞራ ጋዜጣውን አንስታ ከሥሩ ያለውን ባሏን አየችው። «አንተ? አንተ ጫማው በየትኛው እግር እንደሚገባ አታውቅም!»

«ሲተኛ ጫማ አያደርግም» አለ።

ሳቀች። ሳትወድ ነው የሳቀችው፤ ግን ሳቀች። «ቫ ቤኔ፣ አልማ። ለቁርስ ግን አትቅሪብኝ» አለች። ልንወጣ ስንል ጠርታን አራት ኮክ በወረቀት ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ። «ይሄን እንኳ ትበያለሽ አይደል?»

እናቴ ቀሚሷን ቀየረች። የእሑድ ቀሚሷን ነው፤ ለምን እንደያዘችው አላውቅም። ትንሿን ቦርሳ አንጠልጥላ፣ እጄን ይዛ ወደ በሩ ሄድን። ልናልፍ አምስት እርምጃ ሲቀረን እግሬ ቆመ።

«ምነው? እግርሽን ይበላሻል?»

«መታወቂያ ይዘሻል?» አልኳት።

«ለምኑ?»

«ሲዘጉት ውጭ ከቀረን።»

ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። «ቢዘጉትስ?»

«ሰዓት እላፊ...» አልኩ በሹክሹክታ። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ስድስት ሜትር ላይ ቆሟል።

እናቴ ሰውዬውን አየችው፣ አጥሩን አየችው። ከዚያ ሁሉም ነገር ገባት፤ ሲገባት አይቻታለሁ። «ለዚህ ነው ውስጥ ይሻላል ያልሽው?» አለችኝ።

ከኮኮቹ አንዱ ወረቀቱን አርጥቦት ነበር፤ እሱን ሳይ ቆየሁ።

«እዚህ ሰዓት እላፊ የለም፣ ሰናይት።»

«ታዲያ በሩን ለምን ይዘጋሉ?»

«ሳይከፍሉ የሚገቡ እንዳይኖሩ።»

«አንቺስ ለምን ትሮጫለሽ?»

«እኔ የምሮጠው» አለች፣ «ሲኞራ ራት ስለምትጠብቀኝ ነው። ወታደር ስለሚይዘኝ አይደለም።» ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ብቻዋን በሩን አለፈች። ከውጭ ሆና ዞረች። ተመልሳ ገባች። እንደገና ወጣች። ሰውዬው በግርምት ያያታል። «አየሽ?» አለችኝ ከማዶ። «ምን አደረገኝ?»

ሰውዬው ኮፍያውን አነሳላት። ያኔ ሮጬ ወጣሁ።

የፔንሲዮኔዋ ባለቤት አጭር ሴትዮ ናቸው፤ ጥቁር የለበሱ፣ እጅጌያቸው እስከ ክርን የተጠቀለለ። በዚያ ሳምንት አልጋ እንደማይገኝ ነገሩን። እናቴ ፖስትካርዱን አወጣች፤ ከሐምሌ ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋ ፖስትካርዱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «መተኮሻ ክፍሉ አለ፤ አንድ ታጣፊ አልጋ ይገባል» አሉ። ገባን። አልጋው ጠባብ ነው፣ በአጠገቡ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ በር ሥር አንድ ወንበር። መስኮቱ ለሉና ፓርኩ አጥር ፊት ለፊት ነው። ትራሱን አሸተትኩት። በረኪና! ወደ ሴትዮዋ እጅ አየሁ፤ ቀይ ነው፣ ጣቶቹ የተጨማደዱ፣ ልክ እንደ እናቴ። የሮምን አንሶላ ሁሉ የምታጥበው እናቴ ብቻ አለመሆኗን የተረዳሁት ያኔ ነው። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናቴ በሴትዮዋ ወጥ ቤት ሽሮ ሠራች። ሽሮው ከሮም ጀምሮ ሻንጣዋ ሥር፣ በመሐረብ ተቋጥሮ፣ ውስጥ ሆቴል ገብቶ ሁለት ቀን ያለ ሥራ የከረመ ነው። ሴትዮዋ ድስቱ ላይ አጎንብሰው አሸተቱ፤ ቀመሱ፤ «ሽምብራ!» አሉና የራሳቸውን ዳቦ ቆርሰው ወንበር ሳቡ። በዳቦ በላነው። ለማንም ፎጣ አልተዘረጋም። ማንም አልተጣራም። ስንጨርስ እናቴ ሳህኑን ልታጥብ ስትነሳ ሴትዮዋ ከእጇ ነጠቋት። «እንግዳ ነሽ» አሏት። እናቴ እጆቿን የት እንደምታስቀምጣቸው ጠፍቷት ለጥቂት ጊዜ ቆማ ቀረች።

«እስቲ ጥቂት ጋደም ልበል» አለችኝ ወደ ክፍሉ ስንመለስ። «ከዚያ ባሕሩ ዳር እንሄዳለን።»

አልጋው ላይ ወጥታ ተገላበጠች፤ አንዴ ወደ ግድግዳው፣ አንዴ ወደ እኔ። «ይቺ ለሮማን ናት» አለች። አይኗ ተከደነ። ባሕሩ ዳር አልሄድንም።

እናቴን ተኝታ ያየኋት ያን ቀን ነው። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ግንባሯ ላይ የነበረው መስመር የለም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነበር፤ ቀስ ብዬ ፈታሁላት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አጥሩ ማዶ መንኮራኩሩ ይዞራል፤ ሙዚቃው ይሰማል። ኮኩን እየበላሁ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በኋላ ድምፅ ማጉያው አንድ ነገር ተናገረ፤ ሰዎች እየሳቁ፣ ልጆች ትከሻቸው ላይ ተሸክመው ወጡ። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ በሩን ዘጋ። ተንፍሼ ሳልጨርስ ኮፍያውን አውልቆ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ብስክሌት ላይ ወጥቶ፣ እሱም ውጭ ሆኖ፣ በመስኮታችን ሥር እያፏጨ አለፈ።

እንደዚያም ሆኖ፣ ብርሃኑ ሲደክም ወንበሩን ወደ በሩ አስጠጋሁት። በጎማ ምንጣፍ ላይ ስለሆነ ድምፅ አላሰማም። ከዚያ ከጎኗ ባለችው ጠባብ ቦታ ገባሁ።

ጠዋት የነቃሁት እሷ ከአልጋ ስትወርድ ነው። ወንበሩ ፊት ቆማ ነበር።

«ማነው ያስጠጋው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

እናቴ በዚያ መልስ ላይ አንድ ቃል ጨምረሽ ነበር ትላለች። «እኔ ነኝ፣ እማዬ» ብለሻል ትለኛለች፤ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ በዚህ ነገር ግን አትከራከሪኝ ባይ ናት። እኔ ቃሉን አላስታውስም፤ አላልኩም ለማለትም ማስረጃ የለኝም። የማስታውሰው ወንበሩን ማንሳቷን፣ በመስኮቱ ብቅ ብላ ወደ ሆቴሉ ማየቷን፣ የምግብ ቤቱ መጋረጃ ገና አለመገለጡን ነው። ከዚያ ወንበሩን ራሷ መልሳ ወደ በሩ አስጠጋችው፣ በጉልበቷ ገፋ አድርጋ መያዙን አረጋገጠች፣ ተመልሳም አጠገቤ ተኛች።

«ቁርስ ገና ነው» አለችኝ።